ግማሽ ዳማ

ሐሙስ፣ ሂርማታ ገበያ፣ ከቆርቆሮው ጥግ፣
ዝናቡ ባቄላ እንደሚዘራ ሰው ከላይ ሲንኮሻኮሽ፣
ነጋዴው ቶንዶሱን በሸሚዙ እጅጌ ወልውሎ
«ለሰውም ለፈረስም ነው» አለኝ።

እንዲህ የሚል ሰው ፈረስ ዳብሶ አያውቅም።
ይኼን አውቃለሁ።
መያዣው ቀይ ነበር፣ ስለቱ ያብለጨልጫል፤
ገዛሁት።

ክረምቱ ከተማውን ከያዘ ሦስተኛ ወሩ ነው።
የዳማ ፀጉር እንደ ስፖንጅ ውኃ ይዞ ያድራል፣
ከጋሪው ቀበቶ በታች ቆዳው ይሸታል።
የከብት ሐኪሟ በጣቷ ገልጣ አየችና
«ፀጉሩ ካልተነሣ መድኃኒቴ ቆዳውን አያገኘውም» አለች።

ቀዩ ቶንዶስ አንገቱ ላይ አንድ ጣት ያህል ሄደ፤
ነከሰ፤ ቆመ።
ዳማ ባልዲውን፣ በርጩማውን፣ እኔንም በየተራ መታ።
ቶንዶሱ እንደ መዥገር ከጋማው ሥር ተንጠልጥሎ ቀረ፤
በመቀስ ነው ያወረድኩት።

ሙዘይን በአዌቱ ድልድይ አጠገብ ልጓም ይሰፋል።
አልሳቀም። ሳቁን ለሌላ ቀን አስቀምጦ
ከሣጥኑ ሥር የራሱን አወጣ፦
ጥቁር፣ ከባድ፣ መያዣው በካላማዳሪ የተጠቀለለ።

«ዕቃን በዓይን ሳይሆን በጆሮህ ምረጠው፣
ባዶውን አስነሣና ዝም ብለህ አድምጠው፤
እንደ ንብ ካዜመ ገንዘብህን ስጠው፣
እንደ ቆሎ ከተንጣጣ እዚያው አስቀምጠው።

የታችኛው ጥርስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣
የላይኛው ተመላልሶ ፀጉሩን ይነጥቃል፤
ብሎኑን ብታጠብቅ ስለቱ ይሞቃል፣
ብታላላው ደግሞ ቆዳ መንከስ ያውቃል።

የወጥ ዘይት አይደለም፣ ሙጫ ይሆንብሃል፤
የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ ይበቃሃል።

ስለቱን ቶሎ ቶሎ በእጅህ አንጓ ሞክረው።
አንተን ካቃጠለህ እሱንም ያቃጥለዋል፤
አንተ ግን ‹ኡፍ› ማለት ትችላለህ።
ፈረሱንም እጠበው፣ ጭቃ ስለት ይበላል። ከዚያ ይድረቅ።»

ይድረቅ!
በነሐሴ፣ ጅማ ላይ፣ ምን ነገር ይደርቃል?
ሁለት ቀን ከሰው በረንዳ ሥር አስሬ በጆንያ አሸሁት።

በሦስተኛው ቀን ገመድ ከሱቁ ስቤ
ቶንዶሱን ከሩቅ አስነሣሁት፣ ድምፁን ይልመደው ብዬ።
ጆሮው አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ ንቡ።
መዳፌን ትከሻው ላይ፣ ቶንዶሱን መዳፌ ላይ፣
ንዝረቱ በእኔ አጥንት አልፎ እስኪደርሰው ጠበቅሁ።
ከዚያ ፀጉሩን በግልባጩ፣ ከታች ወደ ላይ።

ፀጉሩ እንደ ቡና ገለባ እግሬ ሥር ተከመረ።
ከሥሩ ሌላ ፈረስ ወጣ፤ አይጥማ፣ ቀጭን፣ የሚያፍር የሚመስል።
ሐኪሟ የፈለገችው ቁስል ይኸው።
ከቁስሉ በላይ ግን
ሦስት መስመር፣ ፀጉር የማይበቅልበት።

አለንጋዬን ከግድግዳው ላይ አየሁት።
አንዱን መስመር ቀኑን አውቀዋለሁ፦
የጅሬን ዳገት፣ ስምንት ከረጢት ሲሚንቶ፣
ባለ ጭነቱ ሰዓቱን እያየ ምላሱን ሲመታ።
ሁለቱን አላስታውስም።

በዚህ አገር ሰው በፈረሱ ስም ሲጠራ ኖሯል።
ሰፈሩ እኔንም አባ ዳማ ይለኛል፤
ስሙን ወድጄው ነበር።

ግራ ጎኑን ሳልጀምር መብራት ጠፋ።

በኩራዝ ብርሃን ስለቱን ፈታሁ፣
በጥርስ ብሩሽ ከየጥርሱ መሐል ፀጉሩን ጠረግሁ፣
በላምባ ነክሬ፣ በደረቅ ጨርቅ አብሼ፣
አንድ ጠብታ።
እጄ ሥራ ስታገኝ ደስ አላት።

ጠዋት ጭነት ጠራኝና ወጣን፤
በግራ ዳማ፣ በቀኝ አይጥማ።
አጂፕ ላይ ልጆች «ሁለት ፈረስ በአንድ ልጓም!» እያሉ ተከተሉን።
መንገዱን በቀኝ ነው የምንይዘው፣
የተላጨው ጎን በእግረኛው በኩል ዋለ፣
ሦስቱም መስመር።

ድልድዩ ጋ ሙዘይን መርፌውን አቁሞ አየ።
ዳማን አየ፣ እኔን አየ፣ ባዶውን እጄን አየ።
«ዘይት ጠብ አድርገህበታል?» አለኝ።
«አድርጌአለሁ» አልኩት።